ያጎነበሰው ዲሽ

ነስሩ ከዱባይ ደውሎ «ልኬያለሁ» አለ። ችግሩ የጀመረው ከዚህች አንዲት ቃል ነው። የላከው ዲጂታል ገንዘብ ነበር፤ ደብረ ታቦር ግን በዚያ ሰሞን የስልክ ጥሪ እንጂ ኢንተርኔት አልነበራትም፤ መድረስ አለመድረሱን ማየት አይቻልም። ገበያ ዳር ልብስ በመስፋት የኖሩት አባቱ አቶ ኢብራሂም ጠበቁ፣ ጠበቁና «በአባቱ የሚቀልድ ልጅ የለኝም» ብለው የነስሩን ስልክ ማንሣት ተዉ።

እኅቱ ኢክራም ዲሽ ተካይ ናት። የከተማው ጣሪያ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትወጣ ስትወርድ ስለኖረች አቅጣጫ የምትይዘው በኮምፓስ ሳይሆን «ከመስጊዱ ሚናራ ትንሽ ወደ ግራ» እያለች ነው። ለወንድሟም ለአባቷም አላዳላችም።

«አባ፣ ዋሸ ከማለትዎ በፊት እንየው» አለቻቸው።

«በምን ልታዪው? ኢንተርኔት የለ!»

«ከሰማይ።»

«ሰማዩ ደግሞ መቼ ነው ባንክ የከፈተው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህ ዓይነቱ ገንዘብ መዝገብ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተባዝቶ ይገኛል። ያንኑ መዝገብ ከሳተላይት ላይ እንደ ቴሌቪዥን የሚያሠራጩም አሉ፤ ስለዚህ ኢንተርኔት የሌለው ሰው በዲሽ ሊቀበለው ይችላል። ለእኔ ነገሩ የገባኝ የድሮውን አዋጅ ነጋሪ ሳስብ ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ገበያተኛው ሁሉ ይሰማል፤ መልሶ መናገር ግን አይችልም። ሁሉም ስለሰማው ደግሞ ነገ ተነሥቶ ቃሉን የሚለውጥ የለም። ኢክራም የፈለገችው መስማት ብቻ ነበር፤ በዚያ አዋጅ ውስጥ የነስሩ «ልኬያለሁ» አለ ወይስ የለም? የሚያስፈልጋትን ፕሮግራም ኢንተርኔቱ ሳይቋረጥ ላፕቶፗ ላይ አውርዳው ነበር።

ሳተላይቷ ግን ቴሌቪዥን ከምናይባቸው አንዷ አይደለችም። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በላይ ናት። ከምድር ጋር እኩል ስለምትዞር ለእኛ የቆመች ትመስላለች፤ ከደብረ ታቦር ሲታይ ቦታዋ በጣና በኩል፣ ከአድማስ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ክንድዎን ዘርግተው ጡጫዎን አድማሱ ላይ ቢያሳርፉ ይሸፍናታል። እዚህ ላይ እኔን በጣም የገረመኝ ነገር አለ። በየቤታችን ያለው ዲሽ የሚቀበለው ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከዚያ ከፍ ካለ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ አድማስ ዳር ያለውን ለመስማት ሳህኑ ራሱ ወደ መሬት ማጎንበስ አለበት።

ኢክራም ይህን እስክትደርስበት ብዙ ለፋች። በመጨረሻ ሲግናሉ ያዘላት፤ ላፕቶፑ ላይ ቁጥሮች መውረድ ጀመሩ። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ግን ምንም የለም። ጣሪያው ላይ ወጥታ ብታይ ዲሹ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ጋሽ ይርጋ፣ ዲሹን ማን ነካው?» ብላ ወደ ጎረቤቷ ግቢ ጮኸች።

«እኔ ነኛ! ነፋስ ጥሎት መሬት መሬት ሲያይ አላስችለኝ ብሎ አቀናሁልሽ። ምነው፣ ምስጋና የለም?»

«ኧረ ሆን ብዬ ነው ያጎነበስኩት!»

«ምን እያደረገ ነው፣ እየሰገደ ነው?»

«አዎ፣ እየሰገደ ነው። የሚሰግድን ደግሞ ቀና በል አይሉትም።»

ጋሽ ይርጋ ከት ብለው ሣቁ። ግን ምን ያድርጉ? የጎረቤት አጥር ወድቆ እያዩ ዝም ብሎ ማለፍ እዚያ ሰፈር ነውር ነው።

ዲሹ እንደገና አጎነበሰ፤ ያኔ ሌላ እንቅፋት ታየ። በምዕራብ በኩል የጋሽ ይርጋ ባሕር ዛፎች አሉ። ነፋስ በወዘወዛቸው ቁጥር አዋጁ ይቆረጣል። ሳተላይቷ ያለፈውንም በየተራ ትደግማለች፤ ነገር ግን ዛፎቹ ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ክፍል ይጋርዳሉ። ኢክራም ጋሽ ይርጋን ጠርታ ላፕቶፑን አሳየቻቸው። ዛፉ ሲወዛወዝ ቁጥሩ ይቆማል፣ ዛፉ ሲረጋ ይቀጥላል። እሳቸው አንዴ ወደ ዛፉ፣ አንዴ ወደ ላፕቶፑ እያዩ ቆዩ።

«ነስሩ ልጅ ሳለ ከዚያ ከረጅሙ ላይ ወድቆ እጁን ሰብሯል» አሉ። «ዛፉ አሁንም አልለቀቀውም በይኛ!»

ረጅሙን ዛፍ ቆረጡት። ግንዱንም «ዲሹን በዚህ ከሌሎቹ ዛፎች በላይ አውጪው» ብለው ለኢክራም ሰጧት።

አሁን ዲሹ በዚያ ግንድ ጫፍ ላይ ነው። ረጅም እንጨት ደግሞ ይወዛወዛል፤ ሳህኑ ጣት ያህል ከተነቃነቀ ሳተላይቷ ታመልጣለች። ኢክራም ግንዱን በሦስት በኩል በሽቦ ወጥራ ለማርጋት እየሞከረች ነው። አንዱን ሽቦ ጋሽ ይርጋ ይዘዋል። ሌላውን ማንም ሳይጠራቸው የመጡት አቶ ኢብራሂም ይዘዋል።

«ውሸት ሆኖ ቢገኝስ?» አሏቸው ጋሽ ይርጋ።

«ውሸትም ከሆነ በጆሮዬ ልስማው።»

በዚህ መሐል አቶ ኢብራሂም ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ።

«አባ፣ ነስሩ ይሆናል» አለች ኢክራም፣ መሰላሉ ላይ ሆና።

«በሁለት እጄ ይዤ እንዴት ላንሣ?» አሉ አቶ ኢብራሂም፣ ሽቦውን ጠበቅ አድርገው። ስልኩ መጥራቱን ቀጠለ። «ነይ ውረጂና አንሺው። ገና ነው፣ ግን እየሰማን ነው በይው።»