ለአንድ ሳምንት የከበረው ሶፋ ሠሪ

ሶፋ ሠሪው ዕድሜውን ሙሉ የሰው መቀመጫ ሲያደላድል የኖረ፣ በገዛ ቤቱ ግን ከበርጩማ በቀር መቀመጫ ያላበጀ ሰው ነው። ቤቱና ሥራ ቤቱ አንድ ናቸው። ከፊት ባለው ሰፊ ክፍል የእንጨት አፅም፣ ስፖንጅ፣ የማስቲሽ ቆርቆሮና የጨርቅ ጥቅል ታጭቋል፤ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል እሱና አንዲት ልጁ ያድራሉ። እናቲቱ ካረፈች ወዲህ ሽፋኑን የምትሰፋው ልጅቱ ናት። ተሠርቶ ባለቤቱን በሚጠብቅ ሶፋ ላይ መቀመጥ በዚያ ቤት ክልክል ነው። «የሰው ነው፤ ተነሺ» የሚለውን ቃል ልጅቱ ገና አፏን ሳትፈታ የለመደችው ይመስላታል።

በትምህርቷ እሳት የላሰች ነበረች። በአሜሪካ የሚገኝ አንድ ኮሌጅ አቅም ለሌላቸው የውጭ አገር ተማሪዎች ወጪያቸውን እንደሚሸፍን ከመምህሯ በሰማች ጊዜ፣ ፈተናውን ወሰደች፤ የማመልከቻ ድርሰቷን እየሰረዘች ደጋግማ ጻፈች። የቀራት የአባቷን አቅም የሚያሳይ የባንክ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

አጎቷ የገባው ይህን ጊዜ ነው። አጎትየው የሶፋ ሠሪው ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ ጎማ ነጋዴ በመሆኑ ሰፈርተኛው «ጎማው» ይለዋል። አንድ ጊዜ ቪዛ ጠይቆ፣ የባንክ ሒሳብህ ባዶ ነው ተብሎ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ በውጭ አገር ጉዳይ ከእሱ በላይ አዋቂ የለም።

«ይቺን ነው የምትልኩት?» አለ፣ ደብዳቤውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «በዚህች ሒሳብ እንኳን አሜሪካ፣ አውቶቡስም አያሳፍሩሽ!»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኤምባሲ አይደለም። ኮሌጁ የሚረዳው የሌለውን ነው።»

«የለኝም ብሎ ያንኳኳ ሰው ተከፍቶለት ያውቃል? እኔን ጠይቂኝ! ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ነው የሸኘኝ።»

«አባዬ፣ አንተ ንገረው እንጂ!»

አባትየው በከንፈሩ የያዘውን ሚስማር አወጣ። «ታላቄ ነው፤ ምን ልበለው? ደግሞ ደርሶበት ያየው እሱ ነው» አለ። እውነቱን ለመናገር ግን ከወንድሙ ቃል ይልቅ ያሸነፈው የገዛ ክብሩ ነበር። ልጁን ባሕር ማዶ ላሉ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች የድሃ ልጅ ናት ብሎ ማስተዋወቅ ሞት ሞት አለው።

ስለዚህ ጎማው ለጎማ መግዣ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለጊዜው ወደ ወንድሙ ሒሳብ አዛወረ፤ ባንኩም አዲስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሳምንት ሳይሞላ ገንዘቡ ወደ ጌታው ተመለሰ። በዚያች ሳምንት ሶፋ ሠሪው፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከወንበሩ ተነሥቶ የጨበጠው ባለጠጋ ነበር። ልጅቱም ታላላቆቿን መጋፋት አልሆነላትምና፣ ደብዳቤው ያለውን በቅጹ ላይ ሞልታ፣ አባቷን አስፈርማ ላከች።

መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ኮሌጁ ተቀብሏታል፤ ደስታውንም በብዙ ቃል ገልጿል። ከግርጌው ግን፣ ቤተሰቧ ወጪዋን ለመሸፈን እንደሚችል ከማስረጃው ስለተረዳ፣ እርዳታ እንደማይሰጣት አስታውቋል።

«ታዲያ ተቀበሉሽ አይደል? አላልኩሽም!» አለ ጎማው ሲሰማ።

«ክፈዪ ነው የሚሉኝ፣ ጋሼ። ያን ገንዘብ ትሰጠኛለህ?»

ጎማው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «እሱማ ጎማ ሆኗል» አለ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቱ የዞረችበት ሁሉ ግድግዳ ሆነ። ዝም ብትል፣ የመክፈያው ቀን ሲያልፍ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። እውነቱን ብትናገር፣ አባቷ የፈረመበት ማስረጃ ሐሰት ነበር ማለቷ ነው፤ ሐሰት ያቀረበ ቅበላው እንደሚሰረዝ ደግሞ በዚያው ቅጽ ላይ ተጽፏል። ስፌት ላይ ተቀምጣ ይህን ስታወጣና ስታወርድ፣ የአንድ ሐኪም ሶፋ ሽፋን ሁለት ጊዜ አጣማ ሰፍታ ሁለት ጊዜ ተረተረችው።

በመጨረሻ እውነቱን ጻፈች። አባቷ ሊፈርምበት ሲል ቃል በቃል እየተረጎመች አነበበችለት፤ «ገንዘቡ የወንድሜ ነበር፤ እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ» ከሚለው ስትደርስ እጁን አነሣ።

«እስቲ እሱን ድገሚው።»

ደገመችው። ማስቲሽ የደረቀበትን ጣቱን በሽርጡ ጠርጎ ፈረመ። «ለካ ይቺን ላለማለት ነበር ያን ሁሉ የተንከራተትነው» አለ።

የኮሌጁ መልስ የደረሰው የሐኪሙ ሶፋ በሚወጣበት ዕለት ነበር። አባትየው በሐሳብ ባክኖ ስለ ሰነበተ፣ ከዚያ ቀደም አድርጎት የማያውቀውን ስሕተት ሠርቷል፤ የበሩን ወርድ ሳይለካ ሶፋውን አስፍቶ ገጥሞታል። እሱና ጎማው ከውጭ ሲስቡ፣ ልጅቱ ከውስጥ ስትገፋ፣ ሶፋው በሩ መሐል ተቀረቀረ። ሥራ ቤቱ ሌላ በር የለውም። የኮሌጁ መልእክት ገብቶ ስልኳ የጮኸው ያን ጊዜ ነው።

«ምን አሉ?» አለ አባቷ፣ በሶፋው መደገፊያ ላይ አንገቱን አስግጎ።

«ስለ እውነተኛነታችን አመስግነውናል።»

«ይኸው!» አለ ጎማው።

«ቅበላዬንም አልሰረዙም። ግን እርዳታ የሚወሰነው አንዴ፣ በመጀመሪያው ማስረጃ ነው፤ ለውጭ ተማሪ የተመደበውም ተሰጥቶ አልቋል ይላሉ። ከከፈልኩ መግባት እችላለሁ።»

ጎማው የያዘውን የሶፋ እግር ለቀቀ። አባትየው ከላስቲኩ ሥር ብቅ ያለውን የቬሉት ጨርቅ ጠርዝ ዳበሰ።

«ተቀመጪ» አላት።

«የት?»

«እሱ ላይ።»

«የሰው ነው እኮ፣ አባዬ።»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ የላስቲክ ሽፋኑ ተንኮሻኮሸ።

«ይመቻል?»

«ስፖንጁ ጥሩ ነው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

«እግሮቹን ብንፈታቸው ይሻላል መሰለኝ» አለ አባቷ። «መፍቻውን አቀብዪኝ፣ ልጄ።»

ተነሣች። ሶፋው የበሩን ብርሃን ስለ ጋረደው፣ መፍቻውን በዳበሳ ትፈልግ ጀመር።