ጋሽ ይማም መፈክር የረሱ ዕለት

በጤና ረዳትነት ተመርቄ ኮምቦልቻ የነበረ አንድ የጆንያ ፋብሪካ ክሊኒክ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ኃላፊዬ ሲስተር አስቴር የደም ግፊት መለኪያውን አስረከበችኝና በረንዳው ላይ የተሰለፈውን ሠራተኛ በአገጯ አሳየችኝ።

«ዛሬ የፖለቲካ ውይይት አለ» አለችኝ። «ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሁለቱ ታመው ይሆናል። የቀሩት ውይይቱን ሸሽተው ነው። የእኛ ሙያ መለየት ነው።»

እኔ መለየት አቃተኝ። ሁሉም ወገቡን ይዞ ያቃስታል።

ጋሽ ይማምን ያወቅኳቸው በዚያ ሰልፍ ላይ ነው። የሽመና ማሽን መካኒክ ናቸው። ዕድሜያቸውን ማሽን በሚያጓራበት አዳራሽ ስለፈጁ፣ ሹክ ሲሉ እንኳ ደሴ ድረስ ይሰማል። ምን እንደሚያማቸው ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና «ሁሉ ነገር» አሉኝ።

ክንዳቸው ላይ ጨርቁን ጠቅልዬ ለካሁ። ማመን አቅቶኝ ደግሜ ለካሁ።

«ጋሽ ይማም፣ ደምዎ በጣም ከፍ ብሏል።»

«ደግ ነዋ! ደሙ የወረደ ሰው ምን ይረባል?»

«የምሬን ነው። ክኒን ይጀምራሉ፤ ጨውም ይቀንሳሉ።»

«ወላሂ፣ እኔን የሚያመኝ ነገር የለም!» ብለው ማሉ፤ የሕመም ፈቃድ ሊጠይቁ መምጣታቸውን ረስተው።

ክኒኑ የሚያሸና ነበር። ብዙም ሳይቆዩ አቆሙት። «ፎርማኑ ‹ማሽኑ ያለው ሽንት ቤት ነው ወይ?› አለኝ» ብለው ነገሩኝ። ሲስተር አስቴር ብትቆጣቸው፣ እኔ ብለምናቸው፣ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሲያመኝ እውጠዋለሁ፤ አብሽሩ!»

በዓመቱ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። መፈክር የሚያሰማ ባለ ድምፅ ሲፈለግ ዕጣው ጋሽ ይማም ላይ ወደቀ። መድረክ ላይ ወጡና ግራ እጃቸውን ጨብጠው አነሱ።

«ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!»

«ይውደም!» አልን።

«አድኃሪያን ይውደሙ!»

«ይውደሙ!»

«አብዮታችን…» ብለው ቆሙ። አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ አፋቸው ላይ የመጣላቸውን አሉት፦ «ይውደም!»

አዳራሹም በለመደ አፉ «ይውደም!» ብሎ አስተጋባ።

ማሽኖቹ ሁሉ በቆሙበት ቀን እንኳ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

የፋብሪካው ካድሬ ጓድ ተፈራ፣ ጋሽ ይማምን ጥበቃ ክፍል አስገብቶ እኛን አስጠራን። «አውቆ ነው ወይስ ታሞ? መርምራችሁ ንገሩኝ» አለ። «አውቆ ነው» የተባለ ሰው ያኔ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሽ ይማም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ወደ አንድ በኩል ዘንበል ብሏል። ቀኝ እጃቸው ጣቴን አጥብቆ መያዝ አቃተው። ትንሿ ልጃቸው ማን እንደምትባል ጠየቅኋቸው። አዩኝ፤ ፈለጉ፤ አጡት። ያ ሁሉ ድምፅ ጠፍቶ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ስሟ ወዴት ሄደ?» አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

«ታመው ነው» አልኩ። «ጭንቅላታቸው ውስጥ የደም ሥር ተዘግቷል። ያመጣው ግፊቱ ነው።»

«እሺ፣ እሱስ ታሟል» አለ ጓድ ተፈራ። «ያ ሁሉ ሠራተኛ ‹ይውደም› ያለው ምን ሆኖ ነው?»

ሲስተር አስቴር ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አስተካከለች። «እርስዎም ብለዋል፣ ጓድ። ፊት ወንበር ላይ ስለነበሩ ጎልቶ የተሰማኝ የእርስዎ ነው» አለችው።

መኪና ወዲያው ተገኘ።

ዳገቱን ወጥተን ደሴ ሐኪም ዘንድ አደረስናቸው። ሐኪሙ «ይህ ከተደጋገመ አእምሯቸውን ቆራርሶ ይወስደዋል። ግፊቱን ተቆጣጠሩላቸው፤ ቤት አስተኝታችሁ አታስቀምጧቸው» አለን።

ባለቤታቸው እማማ ዘሃራ ግን አስተኝተው ያስታምሟቸው ጀመር። ልጠይቃቸው ስሄድ ጎረቤቱ አልጋቸውን ከቦ «አዪ፣ ጃጁ እኮ!» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሰውየው ይሰማሉ፤ የሚያናግራቸው ግን የለም።

«እማማ፣ ያስነሷቸው። ይራመዱ፤ ከሰው ጋር ይጫወቱ» አልኩ።

«የታመመ ሰው ላንከራት? አላህን አትፈሪም?»

«የሚብስባቸው ሲተኙ ነው።»

እማማ ዘሃራ ተኮሳትረው ገበጣ አወጡ። በገበጣ ማንንም አይምሩም፤ በሽተኛም አልማሩም። ጋሽ ይማም ተሸነፉ፣ ተናደዱ፣ በማግሥቱ ራሳቸው ተነስተው ገበጣውን ፈለጉ። የወጡ ጨው ተቀነሰ፤ በዚህ ሰበብ የተነሳውን ጠብ አልጽፈውም። ጠዋት ጠዋት እስከ ገበያው እየተራመዱ ካገኙት ሰው ጋር ሁሉ መከራከር ጀመሩ። ክኒኑንም ጋሽ ይማም ሲውጡት ሳያዩ እማማ ዘሃራ ንቅንቅ አይሉም።

የልጃቸው ስም ሰንብቶ ተመለሰ። የአንዳንድ ብሎን ስም ግን እንደወጣ ቀረ። ጋሽ ይማምም «ያቺን ነገር አቀብለኝ» እያሉ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ማሽን ጠገኑ።

አንድ ቀን ጓድ ተፈራ ክሊኒክ መጣ። በሩን ከውስጥ ዘጋና እጅጌውን ሰበሰበ። ለካሁት። ከጋሽ ይማም ይብስ ነበር።

«ይሄ ነገር መፈክር ያስረሳል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«መፈክሩን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ጓድ! የልጆችዎንም ስም ይወስዳል።»

ሳይከራከር ክኒኑን ተቀበለኝ።

ከሙያው የያዝኩት ይህን ነው። የደም ግፊት ሳያም ይጎዳል፤ ስለዚህ ሳያምህ ተለካ፣ ክኒን ከታዘዘልህም ሳያምህ ዋጥ። መርሳት የጀመረውን ሰው ደግሞ አናግረው እንጂ አጠገቡ ቆመህ አትማው።