ግድግዳ የሚያልፍ ድምፅ

ሰቆጣ ላይ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ዕቃ አይገዛም፤ ይወርሳል። ዝውውር የቀናው ሰው አልጋውንና ወንበሩን ለሚቀረው ሸጦ ይሄዳል። እኔም ከጎጃም መጥቼ የእንስሳት ጤና ሥራ ስጀምር አልጋዬንና ስፒከሬን የገዛሁት ወደ ደሴ ከተዘዋወረ መምህር ነው። እሱም ከሌላ ሰው ነበር የገዛው። ሁለት ሳጥን ያለው አሮጌ ስፒከር ነው፤ የቀኙ ገና ሳልገዛው ዲዳ ነበር፣ የግራው ደግሞ ድምፁ ሲወፍር ያንኮራፋል። መምህሩ ሲያስረክበኝ "ለጊዜው ይሆንሃል" አለኝ። እንደኛ ላለ ሰው እዚህ ሁሉም ነገር ለጊዜው ነው።

ለጊዜው የተባለው ዓመታት ፈጀ። ከቢሮ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ፍላሹን እሰካለሁ። ዘፈን ይሁን መዝሙር፣ ዜና ይሁን ድራማ ግድ አልነበረኝም፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ ይኑር ብዬ ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ከዜና አንባቢው ጋር እከራከር ነበር። ብቸኝነትን የሚያውቀው አስነጥሶ "ይማርህ" የሚለው ያጣ ሰው ነው። እኔ አንዳንዴ ለራሴ "ይማርህ" ብዬ አውቃለሁ፤ አያረካም።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። የእሳቸውን ክፍልና የእኔን የሚለየው አንድ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ነው። ያም ሆኖ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። ከጎረቤት ጋር የሚያወሩት በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ነው፤ እኔ ስደርስ በትሕትና ወደ አማርኛ ይዞሩና፣ ትንሽ ቆይተው ዝም ይላሉ። ወሬያቸውን የማቋርጥ እየመሰለኝ ቶሎ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ቆየና ሲመለስ ጉልበት ጨምሮ መጣ። የላስቲክ ሽታ ሸተተኝ፤ ከዚያ ስፒከሬ ጸጥ አለ። ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት፤ ከፍቶ አየውና "ይጠገናል፣ ግን ዕድሜ አይኖረውም" አለኝ።

ገበያው አጠገብ ያለው ሱቅ ውስጥ ሁለት አዳዲስ ስፒከሮች ነበሩ። ትልቁ ፊቱ ላይ መብራት ይጨፍርበታል፤ ዋጋው ከእኔ ደመወዝ ጋር አይተዋወቅም። ትንሹንም ቢሆን አንጀቴን ካላሰርኩ የምደርስበት አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ግን የያዘኝ ኪሴ ብቻ አይደለም። የዝውውር ጥያቄ አስገብቼ እየጠበቅሁ ነበር። አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው ሊቀመጥ ያሰበ ሰው ነው። ካርቶኑን ተሸክሜ ግቢው ስገባ "አንተ ሰው፣ የምታረጀው እዚህ ነው" ብዬ በራሴ ላይ የምፈርድ መሰለኝ። አሮጌውን ባሠራው ደግሞ ያው ለጊዜው ነው፤ ነገ ጥዬው እሄዳለሁ።

እንዲህ እያልኩ በሱቁ በር ተመላለስኩ። ባለሱቁ አባቱና አያቱም ነጋዴ የነበሩ ሙስሊም ነው፤ ትዕግሥቱ አለቀና "ወንድሜ፣ ስፒከር እኮ ነው፣ ሚስት አይደለም" አለኝ።

"ሚስት ብትሆንማ የምትወስነው እሷ ነበረች" አልኩት። ሳቅን። ከሱቁ ወጥቼ ቤቴ ስገባ ሳቁ አብሮኝ አልገባም።

ሳምንታት በዝምታ አለፉ። ዝምታው ጆሮ ነበረው ልበል? ማንኪያ ሳስቀምጥ እንኳ ቀስ ብዬ ሆነ። ከዚያ ለከብት ክትባት ወደ ደሃና ወረዳ ለመስክ ሥራ ወጣሁ። ከመንደር መንደር በእግር ስንኳትን ሰነበትንና ጺሜ አድጎ፣ ፊቴ ከስሎ ተመለስኩ። ደክሞኝ ስለነበር ሳልላጭ በሬን ዘግቼ ተኛሁ።

በማግስቱ እሑድ ነው። ገና በጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አከራዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጎረቤቶች፣ አንዷ ንፍሮ በሰፌድ ይዛለች። አንድም ቃል ሳይናገሩ ገቡና አልጋዬም ላይ፣ መሬትም ላይ ተቀመጡ። ከእነሱ ሰው ሞቶ መስሎኝ ደነገጥኩ።

"እግዜር ያጥናዎት እማማ" አልኳቸው።

"አንተን ያጥናህ እንጂ ልጄ!" አሉኝ እንባቸው እየመጣ። "ሐዘን ለብቻ ይያዛል? አገርህ ሩቅ ቢሆን እኛ ሰው አይደለንም? ሙዚቃህን ከዘጋህ ሰንብተሃል፣ ጺምህን አሳድገሃል። መርዶ ሰምቶ ዋጥ አድርጎት ነው አልን። ማን ነው የሞተብህ?"

ሁሉም አየኝ። "ማንም" ልል አፌን ከፈትኩና ዙሪያዬን አየሁ። ክፍሌ በሰው ተሞልቶ የማያውቅ ክፍል ነው። ያለኝ ወንበር አንድ ነው፤ ሁለተኛ አስፈልጎኝ አያውቅም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ ያህል የሚሞት ዘመድ ፈለግሁ። የአባቴ አጎት ትዝ አሉኝ፤ እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ስማቸውን ብጠራ እነዚህ ሰዎች ሦስት ቀን ይቀመጡልኝ ነበር።

"ማንም አልሞተም" አልኩ በመጨረሻ። "ስፒከሬ ተቃጥሎ ነው።"

አከራዬ ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤት በኽምጣኛ ተረጎሙላቸው። ሽማግሌው የተቃጠለውን ሳጥን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው። ንፍሮውን እየዘገንን በላን። ግን ሞት ከሌለ መቀመጫ ምክንያት የለምና፣ ሁሉም "እንኳን በጤና ሆነ" እያለ አንድ በአንድ ወደ ሥራው ተነሣ።

አከራዬ ብቻ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሩ ላይ ቀሩ።

"ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ይረብሽዎት ነበር?" አልኳቸው አፍሬ።

"የረበሽከኝስ አሁን ነው። ስትከፍተው ልጁ በሰላም ገባ እላለሁ። ስትዘጋው እኔም በሬን ዘግቼ እተኛለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ነው የማመሸው።"

እኔ ማንም የማይሰማኝ መስሎኝ ስንት ዓመት ከዜና አንባቢ ጋር ስከራከር፣ ከማዶ ሰው ተቀምጦ ነበር።

"እንግዲያው ይምከሩኝ" አልኩ። "አሮጌውን ላሠራው፣ ወይስ አዲስ ልግዛ?"

ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። "እኔ ስለ ዕቃው ምን አውቃለሁ? ብቻ ይሄን የሚያልፍ ይሁን። ጆሮዬም እየደከመ ነው።"

ከረመና አንጀቴን አስሬ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። "ከሁለቱ ግድግዳ የሚያልፈው የትኛው ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ባለሱቁ ሳቀብኝ። "ሰው ጎረቤት እንዳይጣላው ነው የሚጠይቀኝ፤ አንተ ጠብ ፈልገህ ነው?" አለና ትንሹን ከፍቶ አሰማኝ። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ ደረት ይመታል። "ይሄም ያልፋል" አለኝ።

ካርቶኑን በባጃጅ ይዤ ግቢ ገባሁ። የዝውውር ጥያቄዬ እስካሁን መልስ አላገኘም፤ መጠየቅም ትቻለሁ። ስፒከሩን ፊቱን ወደ አከራዬ ግድግዳ አዞርኩት። እኔ ከኋላው ስለምቀመጥ ዘፈኑ ታፍኖ ነው የሚደርሰኝ።

በመጀመሪያው ማታ ራቴን በልቼ ስፒከሩን ስዘጋ አስነጠሰኝ። እንደ ሞኝ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አድርጌ ጠበቅሁ። "ይማርህ" ያለ የለም። ትንሽ ቆየና ከማዶ በራቸው ሲዘጋ ሰማሁ።