ዋና አሠልጣኝ፤ ሲጠብቅም ሲላላም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከረባት አስሬ፣ ሁለት ጠመኔ ኪሴ ከትቼ ነበር። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ በጓሮ በኩል አዙሮ ወሰደኝና መዋኛ ገንዳ ዳር አቆመኝ። «ይኸው የሥራ ቦታዎ፣ ጋሽ ወልዴ» አለኝ።

እኔ የታይፕ አስተማሪ ነበርኩ። ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ ተምሬ፣ ፊደሉን ሳላይ በአሥር ጣት እመታ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሀዋሳ ውስጥ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ፒያሳ በነበረው ማሠልጠኛ ሌላ አሠልጣኝ ስላልነበረ ዋናው እኔ ነኝ። በገዛ እጄ «ዋና አሠልጣኝ» የሚል ታፔላ ጽፌ በሩ ላይ ሰቀልኩ። ኮምፒውተር መጥቶ ማሠልጠኛው ሲዘጋ ታፔላውን ነቅዬ የቤቴ በር ላይ መታሁት። ማዕረግ እንደ ወንበር ቢሮ ጥለውት የሚወጡት ነገር አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ በባጃጅ ሲያልፍ ያየው ያንን ታፔላ ነው። እኔ «ዋና» ያልኩት አጥብቄ ነው፣ የበላይ ለማለት። እሱ አላልቶ አነበበው። ፊደላችን ደግሞ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። በሬን አንኳክቶ «አሠልጣኙ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። «ነኝ» አልኩት። «ሆቴላችን ይፈልግዎታል» አለ። ጸሐፊዎቹን ታይፕ ላስተምር መስሎኝ ነበር።

ገንዳው ዳር ቆሜ ስሕተት ነው ማለት እችል ነበር። ግን ሥራ ከፈታሁ ወራት አልፈዋል፤ ባለቤቴም «ዋና ቦዘኔ» ማለት ጀምራለች። እውነቱን ለመናገር፣ ዕድሜዬን ሐይቅ ዳር ስኖር ውሃ ከቁርጭምጭሚቴ አልፎ አያውቅም።

«ቅዳሜ እንግዶች አሉን» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ዋኝተው ያሳዩናል። ያን ጊዜ ቅጥርዎን እናጸድቃለን።»

«ከዳር እስከ ዳር ብቻ?» አልኩት።

የመጀመሪያ ተማሪዬ ሸምሱ ነበር፣ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጥ ግዙፍ ሰው። ልጆቹ ጀልባ ሲሳፈሩ እሱ ዳር ቆሞ ጫማቸውን መጠበቅ ሰልችቶታል።

«ጋሼ፣ እኔ ድንጋይ ነኝ። ውሃ ይውጠኛል።»

«እንዲህ እያሰብክማ ይውጥሃል። ጀልባ ነኝ በል።»

«ጀልባ ነኝ።»

«ከልብህ።»

«ጋሼ፣ ሰው እያየን ነው።»

አምስት ቀን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዱ አስተኝቼ በታይፕ ዘዴዬ አሠለጠንኩት። ጣት ገጠም፣ ጀርባ ቀጥ፣ እጅን ሳያዩ፣ በቆጠራ። አንዱ አስተናጋጅ «ጋሽ ወልዴ፣ ውሃው ወዲህ ነው» አለኝ። «ውሃ ለተመራቂ ነው» አልኩት።

እኔም ቤት አልጋዬ ላይ እለማመድ ነበር። ባለቤቴ «አንሶላውን እንዳትቀደው» ብቻ አለች። በአራተኛው ቀን ዋናተኛ መሆኔን በሐሳቤ ጨርሼ አምኜ ነበር። የቀረው ውሃው እንዲያውቀው ነው።

ቅዳሜ እንግዶቹ ተሰበሰቡ። ሸምሱ «ጀልባ ነኝ፣ ጀልባ ነኝ» እያለ ከጎድጓዳው ራቅ ብሎ በልጆቹ በኩል ገባ። ተንሳፈፈ። እጁን በቆጠራ እያንቀሳቀሰ እስከ ጥልቁ ዳር ሄደ።

ተራዬ ደረሰ። ዋና አሠልጣኝ በልጆች በኩል አይገባም ብዬ በጥልቁ በኩል ዘለልኩ። ውሃው አላወቀኝም። ወለሉ ድረስ ወረድኩ፤ ሴራሚኩ በጥሩ ባለሙያ የተነጠፈ ነበር። ከዚያ አንድ ትልቅ እጅ ሸሚዜን ጨምድዶ ወደ ላይ ጎተተኝ። ጣቶቹ እንዳስተማርኩት ገጥመው እንደነበር ልብ ብያለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ተለዋውጦ እየሮጠ መጣ። ሸምሱ ቀደመው።

«ጋሼ እየፈተኑኝ ነው። የሰመጠ ሰው የማውጣት ፈተና።» ወደ እኔ ዞረ። «አለፍኩ?»

«አልፈሃል» አልኩ ውሃ እየተፋሁ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ገንዳው ማዶ ጠቆመ። «ከዳር እስከ ዳርስ?» አለ።

«ተማሪዬ አሻግሮኛል።»

ቅጥሬ ጸደቀ። በስድስት ቀን ነፍስ አዳኝ ያወጣ አሠልጣኝ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም አልሰማሁም።

ሰኞ ሸምሱ ሱቁን ለምሳ ዘግቶ መጣ። «አሁን የእርስዎ ተራ ነው» አለኝ። «በልጆቹ በኩል እንግባ። ጀልባ ነኝ ይበሉ።»

«ሸምሱ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ከልብዎ።»

ከልቤ አልኩ። በወሩ ገንዳውን ብቻዬን ተሻገርኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያው ሠራሁ፤ ያስተማርኳቸው ሰዎች ዛሬ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ።

ታፔላው አሁንም በሬ ላይ ነው። ጠብቆ ቢነበብም ላልቶ ቢነበብም እውነት ነው። ሰው በሐሳቡ ደጋግሞ ራሱን የጠራበትን ይሆናል። መሆን የሚጀምረው ግን እግር መሬት በሚነካበት በኩል ነው።