የድኩላዋ ቅልጥም

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚጀመረው የአያ ተሰማ እግር ገበቴው ውስጥ ሲገባ ነበር። አያ ተሰማ የእናቴ አጎት ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ማታ ማታ የሚያመሹት እኛ ዘንድ ነበር። እኔ ለብ ባለ ውሃ እግራቸውን አጥባለሁ፣ እሳቸው ፍሙን እያዩ ያወራሉ፣ ኩራዙ ጥቀርሻውን እላያችን ላይ ይለቃል። የጎረቤት ልጆች ስለ ጦጣና ስለ ቀበሮ ሲሰሙ እኛ የምንሰማው ስለ ድኩላ ብቻ ነበር። በጉብዝናቸው ከወገዳ ከተማ በታች ያለውን ገደል እየወረዱ ያድኑ ስለነበር ተረታቸው ሁሉ በጥይት ወይም በቢላዋ ያልቃል። ልጅ ይሰማል ብለው የሚያለሰልሱት ነገር አልነበረም።

ድኩላ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት እንዳይደለ ያወቅሁት ያኔ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሣር ሲጠግብ ወንዱ አንገቱ ይደነድናል፣ ጀርባው ይሞላል። ከዚያ ሴት ማባረር ይጀምርና መብላት ይረሳል፤ ሲያባርርና ሲዋጋ ከርሞ ያ ሁሉ ሥጋ እንዳልነበረ ይሆናል፣ የዳሌው አጥንት ሹል ብሎ ይወጣል። «ጎረምሳ ሁሉ እንዲሁ ነው» ይሉና እናቴን ያስቋታል። ሴቷ ግን የምትከሳው ዘግይታ ነው፤ ስታረግዝ ሳይሆን ስታጠባ፣ ያውም በጋው ጠንቶ ቅጠሉ ሲደርቅ። መጀመሪያ የጀርባዋን ስብ ትጨርሳለች። ቀጥሎ ኩላሊቷን የሸፈነው ሞራ ያልቃል። የመጨረሻው የአጥንቷ ቅልጥም ነው፣ ከዚያ ወዲያ ከገዛ ገላዋ የምትበላው የላትም። ይኼን ሲሉ ሁልጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር።

ታናሽ እህቴ በተወለደችበት ዓመት ገብሱን በረዶ መትቶብን ነበር። አባቴ ሰሊጥ ሊያርም ወደ መተማ ወርዷል። እናቴ ሐምሌ መግቢያ ላይ ተገላገለች። አውሬው የሚከሳው በግንቦት ነው፤ እኛ ግን የምንከሳው ዝናቡ አገሩን ሁሉ አረንጓዴ ባደረገበት፣ ጎተራው በተጠረገበት በነሐሴ ነበር። ፍልሰታ ሲገባ እናቴ አራስነቷን ትታ እንደ ሰዉ ሁሉ ጾመች። ትንሿ ባቄላ ንፍሮ ስትቀርብ ለእኔና ለወንድሜ አካፍላ «እኔ ገና ነኝ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ አልቀምስም» ትለናለች። ቅዳሴው ሲወጣ ደግሞ ንፍሮው የለም። እኛም የሃይማኖት ሰው ናት እያልን እናደንቃት ነበር።

አንድ ምሽት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ እሳት ልትጭር መጣች። ኩራዙን አንሥታ የእናቴን ፊት አየችና «እሰይ፣ ፊትሽ ሙልት ብሏል እኮ። የአራስ ወዝ እንዲህ ነው» አለቻት። እናቴ ፈገግ አለችና ጋቢዋን ወደ አገጭዋ ሳበች። እኔም ደስ አለኝ፣ እውነትም ጉንጯ ክብ ሆኖ ነበር። አያ ተሰማ ግን ዓይናቸውን ከፍሙ ወደ እናቴ አዞሩ። እትዬ ብርቄ ፍሟን ይዛ ከወጣች በኋላ ሳንለምናቸው ተረቱን ጀመሩ።

«ግንቦት ማለቂያ ላይ ነው። የሐዋርያት ጾም ሳይገባ ሥጋ አማረኝና ገደሉን ወረድሁ። አንዲት ድኩላ ከቁጥቋጦ ሥር ቆማለች። ዘንቦባት፣ በርዷት፣ ጸጉሯ ቆሟል፤ ሙክት ታክላለች። ደስ ብሎኝ ተኮስሁ። ቆዳዋን ገፍፌ ባይ ከሥሩ አጥንት ብቻ ነው። ኩላሊቷ ራቁቱን ቀርቷል። እግሯን ሰብሬ ቅልጥሟን ባየው ውሃ ሆኗል፣ ቀይ ውሃ። ግቷን ስነካው ግን ወተቱ በእጄ ላይ ፈሰሰ።»

«ግልገሏስ?» አልኳቸው።

«ግልገሏማ ከወዲያ ቆሞ ያየኝ ነበር። እሱ ወፍራም ነው።»

እህቴ የእናቴን ጡት ስትስብ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ቀረ። እናቴ «አያ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለልጆች አይወራም» አለቻቸው።

«ለልጆቹ መች አወራሁ» አሉ።

ሲወጡ በር ላይ ጠሩኝና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ። የአራስ እግር ገልጦ ማየት ለወንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ እኔን ላኩኝ። «የእናትሽን እግር እጠቢ። ስታጥቢ ከጉልበቷ በታች በአውራ ጣትሽ ጫን አድርገሽ ልቀቂና የሆነውን ንገሪኝ።» እኔም በተረፈው ሙቅ ውሃ አጠብኳት። ጫን አድርጌ ስለቅ ጣቴ የገባበት ስርጉድ ብሎ ቀረ። ጨዋታ መስሎኝ ከጎኑ ሌላ አበጀሁ፣ ከዚያም ሌላ፣ እንደ ገበጣ ጉድጓድ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየቻቸውና ቀሚሷን ሳበችባቸው። «ለአያ ተሰማ እንዳትነግሪ» አለችኝ። ያ ገጿን የሞላው ሥጋ ሳይሆን የረሃብ እብጠት እንደሆነ እሷ አውቃለች ማለት ነው።

ነገርኳቸው። በማግስቱ የንስሐ አባቷን ይዘው መጡ። ቄሱ ገና ከበር «አንቺ ልጅ፣ አራስ ጹሚ ያለሽ ማነው? ዛሬውኑ ፍቺ» አሏት። እናቴ ለመስቀሉ እንደ ጎነበሰች መለሰችላቸው።

«ብፈታስ አባ፣ ምን እበላለሁ?»

ቤታችን ባዶ መሆኑን እኔ የሰማሁት ያኔ ነው። እናቴ ምንም እንደሌላት ለሰው ከመናገር መጾም ቀሏት ነበር፤ በፍልሰታ ደግሞ ለምን አትበዪም ብሎ የሚጠይቅ የለም። አያ ተሰማ ያለቻቸውን አንዲት በግ አረዱላት። መረቁን ጥቂት ፉት ስትል መለሰው፤ ሆዷ መብላት ረስቶ ነበር። በቃሬዛ ወደ ወገዳ ሲያወጧት ወንዙ ሞልቶ ነበርና እስኪጎድል ዝናብ ላይ ጠበቁ፤ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ትኩሳት ተጨምሮባት ነበር። መድኃኒት ሰጥተው መለሷት። መስከረም ውስጥ፣ ገብሱ ዛላ ይዞ እሸት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ሞተች። ገናዧ እትዬ ብርቄ ነበረች፤ ከቤት ስትወጣ «ክንዷ የልጅ ክንድ ነው» እያለች ፊቷን ትመታ ነበር። እህቴ ያኔ ድንቡሽ ያለች ሕፃን ነበረች። ክርስትና ስትነሣ ስሟን ማስረሻ አሏት፤ ኀዘናችንን እንድታስረሳን።

አያ ተሰማ ከዚያ በኋላ ተረት አላወሩልንም። እግራቸውን አጥባቸዋለሁ፣ ፍሙን ያያሉ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ። ቀድመው ባለማየታቸው ነው ወይስ አይተው በተረት በመናገራቸው የተቆጩት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተቆጥቼባቸው አውቃለሁ። በግልጽ ቢናገሯትስ ትሰማ ነበር ወይ ስል ግን ቁጣዬ ይበርዳል፤ እናቴ ኩሩ ነበረች።

አሁን መካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ማስረሻ ልትወልድልኝ እኔ ቤት መጥታለች፤ ወሯ ገብቷል፣ ደጅ የሰኔ ዝናብ ይወርዳል። እንቁላሉንም ወተቱንም ፊቷ ቆሜ ነው የማስጨርሳት። ማታ ማታ ውሃ አሙቄ እግሯን በሳፋ አጥባታለሁ፣ ከጉልበቷ በታችም በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ እለቃለሁ። ቆዳው ተመልሶ እስኪሞላ ትንፋሼን እይዛለሁ። «ገበያ ወጥተሽ በግ የምትገዢ ነው የምትመስይው» ብላ ትስቅብኛለች። ድካምሽ እንዲወጣልሽ ነው እላታለሁ።

የአያ ተሰማን ተረቶች ሁሉ ነግሬያታለሁ፣ ከአንዱ በቀር። እናታችን በምን ሞተች ስትለኝም በትኩሳት እላታለሁ። ያችን ድኩላ ብነግራት ስለ ግልገሉ መጠየቋ አይቀርም።