አልከዳም፤ ሞቷል

ትእዛዙ የደረሰን ከቀትር በኋላ ነው። ዕቃ ሸክፉ፣ ውሃ ሙሉ፣ ሳይመሽ ኮረብታውን ያዙ። ኮረብታው ስም አልነበረውም፤ በካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር። ድንጋያማ ነው፤ አናቱ ላይ አንድ የደረቀ ግራር ቆሟል። የትኛው ጦርነት እንደነበር አልናገርም። ከእኛ በኋላ የምትመጡ ልጆች ይህን አንብባችሁ ማን አሸነፈ እያላችሁ እንድትጨቃጨቁ አልፈልግም። የምጽፈው ስለ አንድ ሰው ነው፤ ከሞተ በኋላ ስለተዋሸበት ሰው።

ስሙ ዳዊት ነው፤ መትረየስ ተኳሽ ነበር። እኛ «ኬንያ» እንለው ነበር። ወላጆቹ በስደት ከአገር ወጥተው ሞያሌ በኬንያው በኩል ስለከተሙ፣ ያደገው እዚህ አሁን እኔ በምጽፍበት በማንያታ ሰፈር ነው። ለአካለ መጠን ሲደርስ ተሻግሮ ውትድርና ገባ። ወሬውን በኦሮምኛ ይጀምርና በስዋሂሊ ይጨርሰዋል፤ ለእኛ የምትደርሰን መሐል ያለችው አማርኛ ብቻ ነች። ጎሹ የሚባል ጓዳችን፣ «ኬንያ፣ ስትሞት በየትኛው ቋንቋ ነው የምትጮኸው?» እያለ ይነካካዋል።

«አንተ በማይገባህ» ይለዋል ዳዊት።

በዚያ አመሻሽ ምሽግ ቆፍረን ስንጨርስ የክርስትና ስማችንን ተነጋገርን። ቄስ ለሞተ ሰው ፍትሐት ሲያደርስ የሚጠራው በተጠመቀበት ስም ነው። በትምህርት ቤትና በደመወዝ ቀን የሚጠራበት ስም እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ወታደር ስሙን ለጓደኛው አደራ ይሰጣል፤ የተረፈው ለሞተው ይናገርለታል። ጎሹ «ገብረ ሥላሴ» አለ። ዳዊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ወልደ ገብርኤል» አለኝ። ሙስሊሙ ጓዳችን ጀማል እየሳቀ፣ «እኔ ያለኝ አንድ ስም ነው፤ እሱንም እንዳታጠፉብኝ» አለ።

ሊነጋጋ ሲል ተጀመረ። መጀመሪያ መድፍ፤ ከዚያ እግረኛ። በግራችን የነበረው የሻምበል ጦር ቦታውን ለቀቀ፤ እኛ ቆየን። ጎሹ ፀሐይ ሳትወጣ ወደቀ። ጀማል ሊስበው ወጥቶ አልተመለሰም። ረፋዱ ላይ አዛዣችን ወደ ሸለቆው ውረዱ አለን። ዳዊት ከግራሩ ሥር፣ ከሁላችን በላይ ነበር። አዛዡ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ።

«ኬንያ! ጨረስክ?»

ጥይቱን ማለቱ ነበር። ከላይ መልስ መጣ፦ «ባዶ! ባዶ!»

«ባዶ ነኝ እያለ ነው። ይከተለናል፤ ቀጥሉ!» አለ አዛዡ።

ወረድን። ሸለቆው ውስጥ ስንገባና ጠላት ጫፉ ላይ ሲደርስ መትረየሱ ከላያችን ጮኸ። አጭር፣ አጭር፣ ከዚያ ረጅም። ባዶ መሣሪያ አይተኩስም። ዞሬ አየሁ። የመድፍ ጥይት ግራሩ ሥር ሲያርፍ፣ ሰውዬውና መሣሪያው አብረው ሲነሡና ሲወድቁ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ በኋላ ከዚያ ቦታ የተተኮሰ ጥይት የለም። እኛ ግን ሸለቆውን ተሻግረን ነበር።

በማግሥቱ የአዛዣችን ሪፖርት ሲነበብ ሰማን፦ «ቦታውን ባዶ አድርጎ ከድቷል።» ወታደርን ከላይ ጥሎ መውረድ አዛዥን ያስጠይቃል፤ የከዳ ሰው ግን ማንንም አያስጠይቅም።

«ጌታዬ፣ ሲሞት አይቻለሁ» አልኩ።

«ከሸለቆ ሆነህ ምን ይታይሃል? ራሱ ባዶ ነኝ ብሎ የለ?»

ባዶ ሲል እኔም ሰምቻለሁ። ጥይት ያለው ሰው ለምን እንደዚያ እንዳለ ግን አልገባኝም።

የገባኝ ከውትድርና ወጥቼ ቤተሰቡን ፍለጋ ሞያሌ ስመጣ ነው። መኪና መቆሚያው ጋ አንድ ሽማግሌ ወደ ሶሎሎ ከተማ የሚሄደው መኪና ሄዶ እንደሆነ ረዳቱን ጠየቀ። ረዳቱም «ባዶ!» አለው። መኪናውን አየሁት። ሰው በሰው ላይ ተጭኖበታል፤ ጣሪያው ላይ ሳይቀር ከረጢትና ፍየል አለ።

«ይኼ ነው ባዶ?» አልኩ ሳላስበው።

አጠገቤ ጫት የምትሸጥ ሴት ሳቀች። «አበሻ፣ አዲስ ነህ መሰለኝ። ባዶ ማለት በስዋሂሊ ገና ነው። ገና አልሄደም እያለው ነው።»

ጨረስክ? ገና። ያ ሰው በዚያ እሳት ውስጥ ሆኖ ያደገበት ቋንቋ መጣበት። ገና ጥይት አለኝ፣ እናንተ ውረዱ ነበር ያለን። እኛም በዚያችው ቃል ከሃዲ አደረግነው።

እህቱ እትዬ ጽጌ ማንያታ ውስጥ ትንሽ ሆቴል አላቸው። የመጣላቸው ወሬ «ከድቷል» የሚል ስለሆነ፣ የከዳ ሰው አንድ ቀን ይመጣል ብለው ይጠብቁታል። አንዱ ናይሮቢ አየሁት ይላቸዋል፤ ሌላው ደቡብ አፍሪካ ገብቷል ይላቸዋል። ጓዳ ውስጥ አልጋውን በየሳምንቱ ያነጥፋሉ። ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ። በሕይወት አለ ለሚባል ሰው ማን ይፈታል?

ልነግራቸው አፌን ስከፍት የባላቸው ወንድም ክንዴን ይዞ ወደ በረንዳ አወጣኝ። መምህር ነው፤ ሰፈሩ በስዋሂሊ «ምዋሊሙ» እያለ ይጠራዋል።

«ስማ ወንድሜ፣ ተዋት» አለኝ። «አንተ የራስህ እውነት አለህ፣ አዛዡም የራሱ አለው፣ እሷም የራሷ አላት። የማንኛችሁ ትክክል እንደሆነ ማን ያውቃል? በተስፋዋ ትኑር።»

«ፍትሐቱስ?»

ሳቀ። «ከሞተ ሞተ። የሚሰማ የለም። ከሞት በኋላ ያለው ባዶ ነው። ሃይማኖት ድሃን ማጽናኛ ተረት ነው፤ አንተ የተማርክ ትመስላለህ፣ እንዴት ይኼ ይጠፋሃል?»

ደሜ ፈላ። እስካሁንም አልበረደም።

«ምዋሊሙ፣ ባዶ ማለት እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልንገርህ እንዴ?» አልኩት። «ደግሞ ተረት የያዘው ማነው? አንተ ነህ ሴትዮዋን በሌለ ሰው አልጋ የምታጽናናው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልትጸልይለት እንኳ መጀመሪያ ሞቷል በሉ ትለናለች። ስሙን አምጡ፣ ምስክር አምጡ ትላለች። ይኼ ነው ማጽናኛ?»

«መንግሥተ ሰማያትን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እሱን ነው የምልህ።»

«አንተም ባዶነቱን አላየህም» አልኩት። «እኔ ያየሁት ዳዊትን ነው። ወይ ከድቷል፣ ወይ ሞቷል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሁለቱም እውነት ናቸው የሚል ሰው ለአዛዡ እየፈረደ ነው።»

ክርክሩን ከዚያ ቀን ወዲህም በልቤ አልተውኩትም። ለእናንተም የምለው ይኼው ነው። እምነት ከፍርሃት የተወለደ ነው ይሏችኋል። ፍርሃትን አውቀዋለሁ፤ ፍርሃት እግር አለው፣ ያስወርዳል። ዳዊትን ከግራሩ ሥር ያስቀረው እሱ አይደለም። ሞት መጨረሻ ነው ካላችሁ የዳዊት መጨረሻ ያቺ ሪፖርት ነች። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማህተም የያዘ ሰው ነው ማለት ነው። ይህን እንደ ሊቅ ቃል በረንዳ ላይ ተቀምጦ በሻይ የሚያወራርድ ሰው ያናድደኛል። ክርስቶስ ሲነሣም መጀመሪያ የመሰከሩት ሴቶች ነበሩ፤ ቅዠት ነው ተባሉ። ማህተም አልነበራቸውም። ያዩትን ግን አልቀየሩም። እኔ እንደነሱ ቅዱስ አይደለሁም፤ ያየሁትን ግን አልቀይርም።

ወደ ውስጥ ተመለስኩ። እትዬ ጽጌ ድንች እየላጡ ነበር። ቀና ብለው ፊቴን አዩ።

«ምን ሲልህ ነበር?»

«ዝም በል እያለኝ ነበር።»

«አንተስ?»

«እትዬ፣ ዳዊት አልከዳም። ሞቷል።»

ቢላዋውን አስቀመጡ። «አይተኸዋል?»

«በዓይኔ። እኛ እንድንተርፍ ነው የቀረው።»

ብዙ አየሁት ባዮች መጥተው ስለሄዱ ዓይናቸው ማመን ፈርቷል። «የወንድሜን ክርስትና ስም ታውቃለህ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ወልደ ገብርኤል።»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያን ስም ከሟች እናታቸውና ከእሳቸው በቀር ማንያታ ውስጥ የሚያውቀው አልነበረም። ጩኸቱ ቆይቶ መጣ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ሙስሊም ሴቶች ቀድመው ደርሰው ያዟቸው። ቄሱ መጥተው ጠየቁኝ፤ ያየሁትን፣ ያየሁትን ብቻ ነገርኳቸው። ፍትሐቱ ሥጋው በሌለበት በስሙ ደረሰ።

ከዚያ ኮረብታ ያልተመለሱት ጎሹ፣ ጀማልና ዳዊት ናቸው። ጎሹና ጀማል በክብር ተመዘገቡ። ዳዊት በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ዛሬም ከሃዲ ነው። አመልክቻለሁ፤ የሰማኝ የለም። አንድ ቀን ሁላችንም የምንቆምበት ፍርድ ባይኖር ኖሮ፣ ይህን በሆዴ ይዤ መኖር የምችል አይመስለኝም።

ፍትሐቱ ሲያልቅ ምዋሊሙ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ጫማውን አላወለቀም፤ አልገባም። ከውስጥ የእትዬ ጽጌ ልቅሶ ይሰማል።

«ይኸው» አለኝ። «አጽናናኋት ትላለህ?»

«አልተጽናኑም።»

«ታዲያ ምን አተረፍክላት?»

«እስከ ዛሬ የሚጠብቁት ጥሏቸው የሄደ ሰው ነበር» አልኩት። «ዛሬ የሚያለቅሱት ለወንድማቸው ነው።»