ጋሽ ደምሴና ባዶው የባሩድ በርሜል

አናጺው ጋሽ ደምሴ ታመው ሰንብተው ባለፈው ሐሙስ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን ላልሰማችሁ ሁሉ በታላቅ ሐዘን እነግራችኋለሁ። እኔ በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ የተዋወቅነው የክፍላችንን ወንበሮች በነጻ ሲጠግኑልን ነው። እግሩ የወለቀ ወንበር ስናሳያቸው «ይሄማ ገና ብዙ ልጅ ይሸከማል» ይሉን ነበር።

አንድ ጊዜ እዚሁ አቅራቢያችን ባለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ አሮጌ ቤት ሲያድሱ፣ ባለቤቱ ከምድር ቤት የወጣ ትንሽ የእንጨት በርሜል ሰጣቸው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ባሩድ ይያዝበት የነበረ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለው ዕቃ እምብዛም አይገኝም፤ አንዳንዱ ከነባሩዱ ጋይቷል፣ ባዶ የቀረውን ደግሞ ሰው ማገዶ አድርጎታል። ማሰሪያው እንኳ ከእንጨት የተሠራው ብረት ሲጋጭ ብልጭታ ስለሚያወጣ ነው።

ይህን ግን ለባለቤታቸው ለእትዬ አስካለ አልነገሯቸውም ነበር። እሳቸው የማኅበር ጠላ መጥመቂያ የመጣላቸው መሰላቸው። አጥበው፣ አድርቀው፣ በወይራ ሊያጥኑት ጓሮ ፍም አቀረቡ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ጋሽ ደምሴ ከመኪና እንደወረዱ ጮኹ፦

«አስካለ! እሳቱን አርቂ!»

«ምን ሆንክ? ጠላ ልጠምቅበት እንጂ አንተን ልጠብስህ ነው?»

«ባሩድ ነው የነበረበት!»

እትዬ አስካለ ፍሙን ደፍተው ሳቁ። ጋሽ ደምሴ ግን በርሜሉን አቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

በኋላ ባለሙያዎች አይተው ቅንጣት ባሩድ እንዳልቀረበት አረጋገጡ። ጋሽ ደምሴም አሌክሳንድሪያ ላለ አንድ ትንሽ ሙዚየም ሰጡት። ተማሪዎቼን ላሳይ ስወስድ አብረውን መጡ። አንዲት ልጅ በመስታወቱ አጮልቃ፣ «ጋሼ፣ ኤምፕቲ ነው እኮ!» አለቻቸው።

«አዎ ልጄ፣ ባዶ ነው። ባሩዱስ የት የሄደ ይመስልሻል?»

ልጅቷ ወደሚቀጥለው መስታወት ሮጠች። ስንመለስ መኪና ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም አገር ቤት ወታደር ሳለሁ ጥይት አመላላሽ ነበርኩ» አሉኝ። «ባዶውን ሣጥን ስመልስ፣ ቀለለኝ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጡ። በቤተ ክርስቲያናችን ለሞተ ሰው ሲጸለይ ቄሱ በክርስትና ስሙ ያነሱታል። ጋሽ ደምሴ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ጠብቀው፣ በእነዚያ ጥይቶች ለሞቱት እንዲጸልዩላቸው ይለምኑ ነበር።

«ስማቸውን ይንገሩኛ» ይሏቸዋል ቄሱ።

«አባቴ፣ ስማቸውን ባውቅማ እተኛ ነበር።»

«እግዚአብሔር ያውቃቸዋል።»

«እሱ ማወቁማ ነው ያስፈራኝ።»

ቅዳሜ በፍትሐታቸው ላይ የእሳቸው የክርስትና ስም ተነሳ። ቄሱ ቀጥሎ ሌላ ስም የሚጠሩ ይመስል ቆም አሉ። ሁላችንም ጠበቅን። የሚጠሩት ስም አልነበራቸውም።

ጋሽ ደምሴ፣ ነፍስዎን ይማር። በእነዚያ ጥይቶች የሞቱት እዚያ መጥተው ከፊትዎ ቢቆሙ፣ ፈርተው ፊትዎን አያዙሩባቸው። ቀረብ ብለው ስማቸውን ይጠይቋቸው።